ሰማዩ «ልዝነብ ልዝነብ» ሲል በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ጦሳ ሥር፦

ለዚህ መድረክ ታዳሚዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምማረውም እዚሁ ደሴ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን የሴሚስተሩ መዝጊያ አድርገው የሰጡን አሳይመንት፣ እስካሁን የሠራናቸውን አሳይመንቶች አውጥተን፣ በቀይ እስክሪብቶ የታረመውን ሁሉ መልሰን አንብበን፣ ከእያንዳንዱ ምን እንዳገኘን በሁለት ገጽ እንድንጽፍ የሚጠይቅ ነው። በእንግሊዝኛ ልጽፍ ሦስት ማታ ተቀምጬ አንድ አንቀጽ ብቻ ስለወጣልኝ፣ ሐሳቤን መጀመሪያ በአማርኛ ላጥራው ብዬ ወደዚህ መጣሁ። ስለሚረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ራስን ስለማስተዋወቅ የጻፍነውን የመጀመሪያውን አሳይመንት አልፈዋለሁ፤ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ስልሳ ጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው የተነበበው። ሃያ ዓረፍተ ነገር ከአድራጊ ወደ ተደራጊ የለወጥንበትም እንዲሁ ነው፤ ሃያ ከሃያ አገኘሁ፣ ነገር ግን ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱንም ዛሬ አላስታውስም። የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤው ላይ የጠፋብኝ ነጥብ ከፍ ባለ ሰላምታ በመጀመሬ ነበር፤ እሱም ይሁን፣ ተቀብዬዋለሁ።

ቦታን በአንድ አንቀጽ የመግለጹ አሳይመንት ግን አከራክሮኛል። የመረጥኩት የባቲን የሰኞ ገበያ ነው፤ አክስቴ እዚያ ስለምትኖር በልጅነቴ ትምህርት ሲዘጋ እሄድ ነበር። አንቀጼን የጀመርኩት ከኮምቦልቻ ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ሙቀቱ እየጨመረ እንደሚመጣ፣ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረው የደጋ ሰው ቀስ በቀስ እያወለቀ ጉልበቱ ላይ እንደሚያጥፈው፣ ግመሎች በመንገዱ ዳር መታየት እንደሚጀምሩ ጻፍኩና፣ ባቲ ማለት ከቆላ የወጣው አፋርና ከደጋ የወረደው ገበሬ የሚገናኙበት ደጃፍ ነው ብዬ ጨረስኩ። መምህራችን ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከበቡና ቀስት ስበው ወደ አናት ወሰዷት። «ዋናው ሐሳብ መጀመሪያ ይምጣ» የሚል ማስታወሻ አከሉበት። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ አንባቢው ባቲ ምን እንደሆነች ከመነሻው ካወቀ ከኔ ጋር ቁልቁለቱን ለምን ይወርዳል? በኋላ ግን ሳስበው፣ እኛ ቤት ቁም ነገር መጀመሪያ ተነግሮ አያውቅም። ለመርዶ የመጣ ሰው እንኳ ደጅ ላይ ቆሞ አያረዳም። አማርኛው ራሱ ግሱን ጭራ ላይ አስቀምጦ አድማጩን እስከ መጨረሻው ያስጠብቃል። ስህተቱ የኔ ነው ወይስ የቋንቋዬ ልማድ የሚለውን እስካሁን አልፈታሁትም።

እንቅልፍ የነሳኝ አምስተኛው ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው አነጋግረን፣ የተናገረውን ከቀጥተኛ ወደ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር ለውጠን፣ በእንግሊዝኛ እንድንተርክ ታዘዝን። ሐይቅ አጠገብ ወደሚኖሩት አያቴ ሄድኩ። አያቴ የስልሳ ስድስቱንም የሰባ ሰባቱንም ድርቅ አይተዋል፤ በሰባ ሰባት የሦስት ልጆች እናት ነበሩ። ስለዚያ ክረምት ስጠይቃቸው ቡናውን እያማሰሉ የነገሩኝን በስልኬ ቀድቼዋለሁ፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«ሰማዩ ልዝነብ ልዝነብ ይልና ይተወዋል። አያትሽ ‘ዛሬስ ይጥላል’ ይላሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ልጁ ‘እማ፣ ራበኝ’ ይላል፤ ‘አብሽር’ እለዋለሁ። አብሽር ብዬ ምን እሰጠዋለሁ፤ እንዲያው እላለሁ እንጂ።»

አሳይመንቱን ልሠራ ስቀመጥ «አለ» የሚለው ግስ በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጠርኩ። ሰባት ጊዜ ነው። ሰማዩም፣ አያቴም፣ ባላቸውም፣ ልጁም፣ ዝምታውም ሳይቀር በዚያው ግስ ነው የሚነገሩት። እኔም እንዳለ አስቀመጥኩት፤ ሰማዩ «እንድዘንብ ተዉኝ» እያለ ይናገር እንደነበር በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ቀዩ እስክሪብቶ «ሰማይ አይናገርም» አለኝ። ‘አብሽር’ን ደግሞ በላቲን ፊደል ትቼው ነበርና ተርጉሚው ተባልኩ፤ «አትጨነቅ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተካሁት። ያገኘሁት ከሃያ አሥራ አንድ ነው። ውጤቱ አይደለም የከነከነኝ። «አትጨነቅ» ብዬ ስጽፍ አያቴ ያላሉትን አፋቸው ውስጥ የከተትኩ መሰለኝ። በዚህ ማጠቃለያ ጽሑፍ ላይ ተሳስቼ ነበር ብዬ ልጻፍ ወይስ አልተሳሳትኩም ብዬ ልከራከር? አሳይመንቱን እንደገና ጽፎ አያይዞ ማስረከብም ተፈቅዶልናል።

ቦርከና፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽ በአማርኛ ያማረ ስለሆነ ምክሬ ቢጎረብጥሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። መምህሩ ልክ ናቸው። እንግሊዝኛ ለእኛ መሣሪያ ነው፤ መዶሻ ስትገዢ እጀታው ከአያትሽ ምሳር ጋር ይመሳሰላል ወይ ብለሽ አትጠይቂም። በክልላችን ብዙዎቻችን እስከ 8ኛ ክፍል አብዛኛውን ትምህርት በአማርኛ ተምረን፣ በ9ኛ ክፍል መስከረም ላይ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በአንድ ሌሊት እንግሊዝኛ ይሆንብናል። የ12ኛ ክፍሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ደግሞ ምርጫ ማጥቆር ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ እስክንገባ ድረስ አንድ ሙሉ አንቀጽ በራሳችን እጅ ሳንጽፍ እናልፋለን። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን እያየን ሰማይ ይናገራል አይናገርም ብሎ መከራከር ለእኔ ቅንጦት ነው።

እኔ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት በመጀመሪያው ወር በፈረቃ መዝገብ ላይ በእንግሊዝኛ «ማሽኑ ነገ 3 ሰዓት ላይ ይከፈታል» ብዬ ጻፍኩ። ከውጭ የመጣው ባለሙያ ያንን አንብቦ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። መሣሪያችንን ዘርግተን ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ሰዓት ጠበቅነው። ሰዋስዉ ትክክል ነበር፤ ሰዓቱም በእኔ ቤት ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የምጽፈውን የማነብበው በሚያነበው ሰው ዓይን ነው። የባቲው አንቀጽሽም ችግሩ ይኸው ነው፤ አንባቢሽ ቁልቁለቱን አያውቀውምና የት እንደምትወስጂው ንገሪው።

የወልድያ መምህር፦

ጸሐፊዋንም፣ ወንድሜ ቦርከናንም አመሰግናለሁ። እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ስለዚህ ቀዩ እስክሪብቶ የእኔም እስክሪብቶ ነው። ሆኖም አንድ ነገር መለየት አለበት ብዬ አምናለሁ፦ መምህርሽ ዓረፍተ ነገሩን መመለሳቸው ትክክል ሲሆን፣ የመለሱበት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም።

ሰማይ ልዝነብ ልዝነብ አለ ስንል ማንም ሰው ሰማዩ አፍ አውጥቶ ተናገረ ብሎ አይሰማም። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ቀጥ አለ፣ ደንገጥ አለ፣ ዝም አለ እንላለን፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተናገረ ሰው የለም፤ እንዲያውም በመጨረሻው ላይ ያለመናገርን ነው በመናገር ግስ የገለጽነው። «ልዝነብ ልዝነብ አለ»ም ሊሆን የተቃረበን ነገር የምንገልጽበት መንገድ ነው፤ ሕንፃው ልውደቅ ልውደቅ ይላል፣ ዓይኔ ልከደን ልከደን ይላል እንላለን። ይህ ቅኔ አይደለም፣ ሰዋስው ነው። አንቺ ቃል በቃል ስትተረጉሚው የእንግሊዝኛው አንባቢ የሚያየው ሰማይን እንደ ሰው የምታናግር ባለቅኔ አሮጊት ነው፤ አያትሽ ግን የተናገሩት ጎረቤታቸው ሁሉ የሚናገረውን ተራ አማርኛ ነው። ቃል በቃል መተርጎም ታማኝነት ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን አያትሽ ያላሰቡትን ጌጥ ይጨምርባቸዋል።

በሌላ በኩል «ሊዘንብ ነበር» ብለሽ ብትተይውም ጎደለ። የአያትሽ ክብደት ድግግሞሹና «ይተወዋል» የሚለው ላይ ነው፤ አንድ ቀን ሳይሆን ቀን በቀን ደመናው ይሰበሰባል፣ ተስፋ ይሰጣል፣ ይበተናል። በእንግሊዝኛው የኀላፊ ልማድን የሚገልጽ ረዳት ግስ ስላለ በእሱ ብትጠቀሚ፣ ደመናው ደጋግሞ ሊጥል ይመስልና መልሶ ይተው ነበር የሚለውን ያለ ንግግር ግስ ማስተላለፍ ትችያለሽ።

ስለ ኢ-ቀጥተኛ ንግግር አንድ ልጨምር፤ ይህ ለሁሉም ተማሪዎቼ እንቅፋት የሚሆን ቦታ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ሰንጠረዥ «ዛሬ»ን ወደ «በዚያን ቀን»፣ «እኔ»ን ወደ «እሱ» ለውጡ ይላል። አማርኛ «እንደሚመጣ ነገረኝ» የሚል መንገድ ቢኖረውም፣ አፋችን የሚቀናው ግን «እመጣለሁ አለ» ላይ ነው። ከዚህም አልፈን «መቼ እመጣለሁ አለሽ?» ብለን እንጠይቃለን። እስኪ ይህችን ጥያቄ አስተውሏት፦ «እመጣለሁ» የሚለው ግስ በእኔ መልክ ገብቷል፤ የሚመጣው ግን እኔም አንቺም አይደለንም፣ ያ ሦስተኛው ሰው ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ምንም ግራ አያጋባም፤ በዚያው መልክ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ማን እንደሚመጣ ይጠፋል። ተማሪው ሰንጠረዡን ያልሸመደደ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሚሳሳተው፤ በራሱ ቋንቋ የሌላውን ሰው «እኔ» በአፉ ይዞ መሄድ ስለለመደ ነው። እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት ስምንት ዓመት ያህል ተማሪዎችን ከቀጣሁ በኋላ ነው።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ አንቀጹም ዋናውን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ያደርጋል ማለትሽ ያማረ ግምት እንጂ እውነት አይደለም። የሬዲዮ ዜና በአማርኛ ነው፤ ዋናውን ነገር የሚናገረው ግን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። የመንግሥት ደብዳቤም ገና ከአናቱ «ጉዳዩ» ይላል። መርዶና የገበያ ወግ አንድ ዓይነት አነጋገር፣ ዜናና ማመልከቻ ሌላ ዓይነት አነጋገር ናቸው፤ መምህርሽ የጠየቁሽ ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ቋንቋሽን አትክሰሺው።

ከሚሴ፦

እኔ የመጣሁት ከሌላ በር ነው። አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የተማርኩትም በእሱ ነው፤ አማርኛን ከሰፈርና ከገበያ ለመድኩ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ሆኖ መጣ። መምህር ስለ «ዝም አለ» የጻፉትን ሳነብ ሳቅሁ፤ እኛም «ጨል ጄዼ» ነው የምንለው፤ ጄዼ ማለት አለ ማለት ነው። ትግርኛ ተናጋሪ የዶርም ጓደኛዬ ደግሞ «ስቕ በለ» እንደሚሉ ነገረችኝ፤ በለም ያው አለ ነው። እንግዲህ ከሚሴ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዝምታን በሦስት ቋንቋ ሲሰማ በሦስቱም ዝምታው «ይላል» ማለት ነው። እህቴ፣ የአያትሽ አነጋገር የብቻሽ ጣጣ አለመሆኑን እወቂው።

ሌላው ሰው ሁሉ በላቲን ፊደል መማሬ ለእንግሊዝኛ የሚጠቅመኝ ይመስለዋል። ፊደሉን ማወቄ ጠቅሞኛል፤ ድምፁ ግን አሳስቶኛል። በቁቤ ሦስተኛው ፊደል «ጭ» ተብሎ ነው የሚነበበው። አማርኛ ተናጋሪዎች የበዙበት ክፍል ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ «ካት» የምትባለውን ድመት «ጨት» ብዬ አነበብኳት። ክፍሉ በሙሉ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ጫት ታየው። እስካሁን በዚያ ስም ይጠሩኛል።

ስለ ባቲው አንቀጽ ከቦርከና ጋር ነኝ። ስለ አብሽር ግን ከማንም ጋር አይደለሁም፤ እንዴት እንደምትተረጉሚው አላውቅም። እናቴም ትለኛለች። አንዳንዴ «በርቺ» ነው፣ አንዳንዴ «ምንም አይደል»፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ የሚባል ነገር ሲጠፋ የሚባል ነው።

የአምባሰል ጡረተኛ፦

ልጄ፣ በሰላም ነው ያነበብኩሽ። እኔ የተማርኩት መጀመሪያ ከየኔታ ዘንድ፣ ቀጥሎ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው፤ አሁን ውጫሌ ከተማ ጡረታዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ወንድማችን ቦርከና ቃል ላይ መከራከር ቅንጦት ነው ማለታቸውን ሳነብ፣ ከተቀመጥኩበት ብዙም ከማይርቀው ከይስማ ንጉሥ የመጣ ትዝታ ቀሰቀሰብኝ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ቢፈልጉ ነው፤ ካልፈለጉ መተው ይችላሉ። ጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው፤ ኢጣልያም በዚያ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. ሻሩት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። በእርግጥ ጦርነት የሚነሳው በአንድ ግስ ብቻ አይደለም፤ ፈላጊው ሰበብ አያጣም። ቢሆንም በእንግሊዝኛ ክፍላችሁ «ካን»፣ «ሜይ»፣ «መስት» እየተባለ በባዶ ቦታ ሙሉ የሚሠራው መልመጃ፣ እዚህ እኛ ሰፈር ተጽፎ ደም ያፈሰሰ ልዩነት መሆኑን የነገራችሁ መምህር ይኖር ይሆን? ለእኔ አልነገሩኝም ነበር፤ እኔም ውጫሌ ተወልጄ የውሉን አንቀጽ በታሪክ ክፍለ ጊዜ፣ ረዳት ግሱን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለየብቻ ሸመደድኩ።

ወንድሜ ቦርከና፣ እርስዎም እኮ አንዲት ቁጥር ስድስት ሰዓት አስጠብቃዎታለች። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር የተጣላሁ አይምሰልዎ።

የኔታ አንድ ቃል ሁለት መንገድ ሲይዝባቸው አንዱን አይጥሉም ነበር፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ልጄ፣ በእንግሊዝኛሽ ላይ «አንድም» የምትይበት ቦታ ካለ ተጠቀሚበት፤ ከሌለ ግን የትኛውን እንደጣልሽ አንቺ ራስሽ እወቂው።

ጦሳ ሥር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ «ቅኔ ሳይሆን ሰዋስው» ያሉት አስደነገጠኝ፤ እኔ የአያቴን አነጋገር ያከበርኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ እንደ ጌጥ ነበር የያዝኩት። ስለ ዜናውና ስለ «ጉዳዩ»ም ተሸንፌአለሁ። የባቲውን አንቀጽ ገልብጬ ስጽፈው ቁልቁለቱ ራሱ ማስረጃ ሆነልኝ፤ ደጃፍ ነው ብዬ ከጀመርኩ በኋላ ጋቢ የሚያወልቀው ሰው የደጃፉ ምስክር ይሆናል። ብቻውን ሲመጣ ግን ወግ ነበር። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አያቴ ግን ባላቸውን «ይላሉ» እያሉ ነው የሚያነሱት። ልጁን «ይላል»። እንግሊዝኛው ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል፤ አባትና ልጅ በአንድ ተውላጠ ስም እኩል ይቀመጣሉ። ይህንን ምን ላድርገው? አብሽርስ?

የወልድያ መምህር፦

የአክብሮቱን ነገር በተውላጠ ስም አትፈልጊው፣ አታገኝውምና። በስም ፈልጊው። አያትሽ «አያትሽ» ነው ያሏቸው፤ «አያትሽ» የሚለውን በየቦታው ብትደግሚው በእንግሊዝኛ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ያ ክብደት ራሱ ክብርን ይመስላል። እንግሊዝኛ መምህርሽ ደጋገምሽ ቢሉሽ ምክንያትሽን ንገሪያቸው።

አብሽርን በተመለከተ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ያልተተረጎመ ቃል አልወድም፤ ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው የሚሆነው። ቃሉን ትተሽ በግርጌ ማብራሪያ ብትጨምሪም፣ ድርቁን ትቶ መዝገበ ቃላት የሚያነብ አንባቢ ይመጣል።

ቦርከና፦

ይፈቀድልኝና እዚህ ላይ መምህርን ልቃወም። የመጀመሪያውን ጽሑፍ መልሼ አነበብኩት። አያትየዋ ቃሉን ራሳቸው ተርጉመውታል እኮ! «አብሽር ብዬ ምን እሰጠዋለሁ፤ እንዲያው እላለሁ እንጂ» ብለዋል። የሚሰጥ ነገር የሌለው ሰው የሚለው ቃል ነው አሉን። ከዚህ በኋላ ግርጌ ምን ይሠራል? «አትጨነቅ» ብለሽ ስትተረጉሚው ደግሞ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ትርጉም ያጣል፤ አብሽር የሚለውን ቃል ካልሰማን፣ እሳቸው የሚፀፀቱበትን ቃል አናውቀውም። እኔ በፈረቃ መዝገብ ላይ አልጽፈውም፤ አንቺ ግን የፈረቃ መዝገብ አይደለም የምትጽፊው።

የወልድያ መምህር፦

ልክ ነዎት። አላየሁትም ነበር።

ከሚሴ፦

ከፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቅሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጦሳ ሥር፦

ትናንት ማታ ጨርሼዋለሁ። በማጠቃለያ ጽሑፌ ላይ፣ በአምስተኛው አሳይመንት ተሳስቼ እንደነበር፣ ነገር ግን የተሳሳትኩት በታረመው ምክንያት እንዳልሆነ ጻፍኩ። ይህንን ለመጻፍ መድፈሬ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ መምህራችን እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም። አያይዤ ባስገባሁት አዲስ ረቂቅ ላይ ሰማዩ አይናገርም፤ ደመናው ቀን በቀን ይሰበሰብና ሊጥል መስሎ ይተዋል። አያቴ ዝም አሉ የሚለውን «ምንም አልመለሱም» አደረግሁት። «አያትሽ» ሁለት ጊዜ ሙሉውን ተጽፏል። አብሽር እንዳለ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የእሳቸው የራሳቸው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከእኔ የተጨመረ ምንም የለም። ኢ-ቀጥተኛ ንግግር የሚያዘውን መመሪያ ስለ ባላቸው በሚያወራው ቦታ ላይ ጠብቄአለሁ፤ የልጁን «እማ፣ ራበኝ» ግን በቀጥተኛ ንግግር ተውኩት። ይህ ምናልባት ነጥብ ያስቆርጠኝ ይሆናል፤ ሕጉን አውቄ ነው የጣስኩት፣ ይህንንም ጽፌበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት አያቴ ጋ ደውዬ እንግሊዝኛውን እየመለስኩ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ሰማዩ ላይ ስደርስ «እንዲያ ነበር» አሉ። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «ሁሉንም ጽፈሽዋል፤ ለምን ‘ልጁ’ አልሽው? ስም አልነበረውም?» ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው ራሳቸው «ልጁ» ስላሉ ነው ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። ያኔ ከነበሯቸው ሦስት ልጆች አያቴ ያሳደጉት ሁለቱን ነው፤ ሁለቱንም አጎቶቼን አውቃቸዋለሁ። ቀረጻውን ስሰማ፣ ስተረጉም፣ ከእናንተም ጋር ስከራከር ሰንብቼ ሦስተኛውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ስሙን ነገሩኝ፣ ጻፍኩት። ነገ 3 ሰዓት ላይ አስረክባለሁ፤ በእኛ ሰዓት።